የሆሣዕና ፍትሐት

«ሰብሊ፣ ወዴት ነው? ላሽ ልትይ ነው እንዴ?»

መታሰቢያ የጓደኛዋን የነጠላ ጫፍ ያዘች። ቅዳሴው አልቋል፤ የቡሬ ሰው ዘንባባውን እንደያዘ ቆሞ ቄሶቹ ፍትሐት ጀምረዋል። በሕማማት ሳምንት ለሞተ ሰው ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞት ሁሉ በሆሣዕና አስቀድሞ ይጸለይለታል። ሰብሊ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ዘንድሮ ግን ጸሎቱ አባቷን ፈልጎ የመጣ መሰላት።

«ለሁላችንም እኮ ነው» አለች መታሰቢያ በሹክሹክታ። «ለአባትሽ ብቻ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ልቀቂኝ።»

እዚያ ቆማ አሜን ብትል አባቷን ተስማምታ የሸኘችው ይመስላታል። ጥላቸው ወጣች።

አባቷ አስናቀው ዕድሜውን ሙሉ በቆሎ ሲጭን የኖረ ብርቱ ሰው ነበር። አሁን ሆዱ አብጦ ክንዶቹ መንምነዋል። ባለፈው ወር ሐኪሙ ሰብሊንና እናቷን ወደ ጎን ጠርቶ «ጉበታቸው ከእንግዲህ አይመለስም፤ ቤት ወስዳችሁ አስታሟቸው» ብሏቸዋል። እናቷ መንገድ ላይ እንባዋን እየጠረገች «እንዳትነግሪው፤ ተስፋ ይቆርጣል» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ሰብሊ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወንጌል ታነብለታለች። እየመረጠች ነው። ለምጻሙ ሲነጻ፣ ሽባው አልጋውን ተሸክሞ ሲሄድ። ሌላውን ትዘለዋለች። ያ ሁሉ ሰው ሲድን የእሷ አባት ምን አጠፋ? ኢየሱስ ለሰው ሁሉ ፈጥኖ እየደረሰ በእነሱ ደጅ ብቻ ዝም ብሎ የሚያልፍ እየመሰላት መጥቷል። እንዲህ ማሰቧ ያስፈራታል፤ ግን ታስበዋለች።

ቤት ስትገባ አባቷን መደቡ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ አገኘችው።

«ቶሎ መጣሽሳ። ፍትሐቱ አለቀ?»

ሰብሊ ነጠላዋን እያጣጠፈች ፊቷን አዞረች።

«ግድ የለም። እኔ እዚሁ ሆኜ አሜን ብያለሁ።»

«አባዬ፣ እንዲህ አይበሉ። ይድናሉ።»

በአገጩ ወደ መጽሐፉ አመለከታት። «እስቲ አንብቢልኝ። የዳኑትን ተያቸው፤ እነሱን ጠግቤያለሁ። የጸሎተ ሐሙሱን አንብቢልኝ።»

ስትዘለው የከረመችውን ገጽ ገለጠች። ኢየሱስ በአትክልቱ ስፍራ አዘነ፣ ተጨነቀ። ጽዋው እንዲያልፍለት አባቱን ለመነ፤ አላለፈለትም። ወዳጆቹን የለመናቸው ደግሞ አብረውት ነቅተው እንዲቆዩ ብቻ ነበር። እነሱ ተኙ።

ሰብሊ ማንበቧን አቆመች። ይህን ታሪክ ሰንበት ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። የሚፈራውን፣ ብቻዬን አትተዉኝ የሚለውን ኢየሱስን ግን እስከ ዛሬ አታውቀውም ነበር። ደጃቸውን ያለፈ የመሰላት እሱ፣ እዚሁ መደቡ አጠገብ ያለ መሰላት። ደስ አላላትም፤ ይልቁንም አለቀሰች።

«ተይ፣ አታልቅሺ» አለ አባቷ። «እሱ እንኳ ለእኛ ሲል ፈርቷል። እኔም እፈራለሁ ልጄ። ግን ለማን ልንገር? የመጣው ሁሉ ትድናለህ ይለኛል። አንቺም እናትሽም።»

ወደ እሷ ዘንበል ብሎ ጠየቃት። «ሐኪሙ ምን አለ?»

እናቷ «እንዳትነግሪው» ያለቻት ትዝ አላት። መጽሐፉን አስቀመጠች፤ ከተቀመጠችበት በርጩማ ተነስታ መደቡ ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘች።

«እነግርዎታለሁ» አለች። «ከነገርኩዎት በኋላም ከአጠገብዎ አልሄድም።»