ባዶ የማይታለፍ ሳጥን

«የልጄን ስም አስገቢና ምን እንደተዋሰች አሳዪኝ» አለ ሰውየው። ጓንቱን ሳያወልቅ የቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ተደግፏል። ጃኬቱ የጥድ ሙጫና ናፍጣ ይሸታል።

ስሚልቴ እንዳቃጠላት ሁሉ እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። የጓደኛዋ የአውስቴያ አባት ነው፤ ጊንታውታስ። ግንድ የሚያመላልስበት መኪና መብራቱ እንደበራ ከመስኮቱ ውጭ ቆሟል።

«እኔ የሰው መዝገብ መክፈት አይፈቀድልኝም፣ ጋሼ። ከትምህርት ቤት ለበጎ ፈቃድ ተልኬ ነው። መጽሐፍ መደርደር ነው ሥራዬ።»

«ታዲያ የሚፈቀድለትን ጥሪልኛ!»

«ኃላፊዋ ወይዘሮ ዳንጉዎሌ ምድር ቤት ናቸው። አሁን ይመጣሉ።»

«እጠብቃለሁ» አለና ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነው። «ይሄን በኢሜይል የላካችሁልኝ እናንተ አይደላችሁ? ‹ልጅዎ የተዋሰችው መጽሐፍ የመመለሻ ቀኑ ደርሷል።› የትኛው መጽሐፍ? ርዕስ እንኳ የለውም። እኔ ቤቴ ውስጥ ምንም መጽሐፍ አላየሁም። ምን ቢሆን ነው የሚደበቀው?»

ስሚልቴ የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ታውቃለች። የኖርዌይኛ መማሪያ ነው። የአውስቴያ እናት ኖርዌይ ውስጥ ዓሣ ፋብሪካ ትሠራለች፤ በጊንታውታስ ቤት ስሟ አይነሳም። ባለፈው ዓመት አውስቴያ ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ ደረሰባትና ስልኩን ምድጃ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ በኋላ አውስቴያ ለሁለት ሳምንት ክፍል ውስጥ እንኳ ሻርፗን ከአንገቷ አላወለቀችም።

መጽሐፉ ከዋና ከተማው ከቪልኒየስ ታዝዞ የመጣ ስለሆነ በሰው ስም መያዝ ነበረበት። ቤት ግን አይገባም። አውስቴያ ከትምህርት በኋላ እዚሁ ታነበውና ስትጨርስ ማንም ዞር ብሎ ከማያያቸው ኢንሳይክሎፒዲያዎች ጀርባ ትሸጉጠዋለች።

መልእክቱ እንዴት አባትየው ጋ እንደደረሰም ስሚልቴ ታውቃለች። መስከረም ላይ ቤተ መጻሕፍቱ አዲስ ሲስተም ሲያስገባ የታዳጊዎቹን የምዝገባ ካርድ ወደ ኮምፒውተር የገለበጠችው እሷ ነበረች። አውስቴያ «የወላጅ ኢሜይል» የሚለውን ቦታ ባዶ ትታዋለች። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሳጥኑን ቀይ አድርጎ አላሳልፍም አለ። ስሚልቴ ደክሟታል፤ ገና አንድ ክምር ካርድ ይቀራታል። የጊንታውታስ ኢሜይል እንደሆነ መኪናው በር ላይ ተጽፎ ከተማው ሁሉ ያየዋል። ጻፈችው። ሳጥኑ አረንጓዴ ሆነ። ቀጠለች።

«ምን ያፈዝሻል?» አለ ጊንታውታስ።

«ምንም።»

የምድር ቤቱ ደረጃ ሲንቋቋ ተሰማ። ወይዘሮ ዳንጉዎሌ ከሕግ ንቅንቅ የማይሉ ሴት ናቸው፤ ልጁ እንደ አውስቴያ አሥራ ስድስት ካልሞላው፣ ወላጅ ሲጠይቅ በልጁ እጅ ያለውን መጽሐፍ ያሳያሉ። የተመለሰውን ግን ቢፈልጉም አይችሉም። መጽሐፍ በተመለሰባት ቅጽበት ሲስተሙ ስሙንና መጽሐፉን ይለያያቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ቆፍሮ አያገኘውም።

በተመለሰባት ቅጽበት።

በሩ አጠገብ መጽሐፍ የሚያውስና የሚመልስ ማሽን አለ። ሲመልሱ ካርድ አይጠይቅም፣ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። መጽሐፉን ላዩ ላይ ማኖር ብቻ ነው።

«የምደረድረው አለ» ብላ ተነሳች። ከጠረጴዛው ላይ ጥቂት መጻሕፍት አቀፈች፤ ኢንሳይክሎፒዲያዎቹ ጋ ስትደርስ እጇን ከጀርባቸው ሰደደች። መጀመሪያ የነካችው አቧራ ብቻ ነበር። ጠልቃ ገባች። ቀጭኑን መጽሐፍ አገኘችው፤ ከሌሎቹ መሃል ሸጎጠችው። ወደ ማሽኑ ለመሄድ በጊንታውታስ አጠገብ ማለፍ ነበረባት። ክንዱ ክንዷን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ማሽኑ ጢጥ አለ። የመጽሐፉ ርዕስ ጣት በሚያህል ፊደል ስክሪኑ ላይ ቦግ አለ። ስሚልቴ ጠጋ ብላ በደረቷ ጋረደችው።

«ምንድነው የሚጮኸው?»

«የተመለሱ መጻሕፍት ናቸው።»

ወይዘሮ ዳንጉዎሌ ደረሱ። የሰውየውን ጥያቄ ቆመው ሰሙ፤ ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉና ስሙን ጻፉ። ስክሪኑን አዩት። ከዚያ ማሽኑ ላይ የተለጠፈችውን ልጅ አዩ።

«በአውስቴያ እጅ ምንም መጽሐፍ የለም» አሉ።

«እና ይሄ ምንድነው?»

«ሲስተሙ አዲስ ነው፣ አቶ ጊንታውታስ። ትናንት ለሞተ ሰው ‹መጽሐፍ መልስ› ብሎ ልኳል።»

ጊንታውታስ አልሳቀም። ወደ ስሚልቴ ዞረ። «አንቺ ጓደኛዋ አይደለሽ? ምንድነው የምታነበው?»

«ሰው የሚያነበውን አላይም፣ ጋሼ። እዚህ አይፈቀድም።»

«እሺ። ቤት ስትመጣ ራሷን እጠይቃታለሁ።»

በሩ ተዘጋ። የመኪናው ድምፅ ራቀ።

«የቪልኒየሱ መኪና ዛሬ ይመጣል» አሉ ወይዘሮ ዳንጉዎሌ። «በሰው ስም ያልተያዘውን ይዞ ይሄዳል።»

ስሚልቴ ካርዷን አወጣች። መጽሐፉን መልሳ ማሽኑ ላይ አኖረችው። የራሷ ስም መጣ።

«የአባትየውን ኢሜይል ከመዝገቧ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። ሲስተሙ ከየት እንዳመጣው እንጃ» አሉና ወይዘሮ ዳንጉዎሌ የጠረጴዛውን ስልክ አነሱ። «ለትምህርት ቤታችሁ ማኅበራዊ ሠራተኛ ልደውል። ያንን ሻርፕ እኔም አይቼዋለሁ።»

ስሚልቴ ወደ ውጭ ወጥታ ለአውስቴያ ደወለች። በረዶው ላይ የጎማ ዱካ ቀርቷል። አውስቴያ ስልኩን ወዲያው አነሳችው።

«ቤት አትሂጂ። ቀጥታ እኛ ጋ ነይ። አባትሽ እዚህ ነበር።»

አውስቴያ በሹክሹክታ፣ «አየው?»

«አላየም። መጽሐፉ አሁን በኔ ስም ነው። ኢሜይል ደርሶት ነው የመጣው።»

«የምን ኢሜይል? እኔ ባዶ ነው የተውኩት እኮ! በናትሽ፣ ያ ፋራ ሲስተም ነው አይደል?»

«አዎ» ብትል ያበቃል። ወይዘሮ ዳንጉዎሌም ያሉት ይህንኑ ነው፤ ማንም አይጠይቃትም። ስሚልቴ መጽሐፉን ጃኬቷ ውስጥ ከትታ ዚፑን እስከ አገጯ ዘጋችው።

«አይደለም» አለች። «እነግርሻለሁ። ስልኩን እንዳትዘጊው ብቻ።»