በውርጭ የተረገጠ ሣር

«ይኸ የማን እግር ነው?» አለች ኢሽቤል።

የጎልፍ ሜዳው ኃላፊ እሷ ናት። በአሥራ ሰባተኛው ግሪን ዳር ቆመው ሁሉም ቁልቁል ያያሉ። ቀዳዳውና ባንዲራው ባሉበት፣ እንደ ምንጣፍ ባጠረው ሣር ላይ፣ ከድንጋዩ አጥር ተነሥቶ መሐል ለመሐል የሚያልፍ የጫማ ዱካ ነበረ። ጭቃ አይደለም፤ ጭቃ ቢሆን ታጥቦ ይለቅ ነበር። ሣሩ ራሱ በጫማ ቅርጽ ጠቁሯል።

ሮና ከትምህርት ቤት መመለሷ ነበር፤ ቦርሳዋን እንዳነገተች ነው። ዱካውን ወዲያው አወቀችው፤ የራሷ የትምህርት ቤት ጫማ ነው፣ አጥሩን ዘልላ ወደ አውቶብሱ የምታቋርጠውም በዚሁ ነው። ውስጧ እስኪደነግጥ ጠበቀች። ምንም የለም። አያቷ ዱጋልድ በየካቲት ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ናት። በቀብራቸው ቀን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ የሳንድዊች ሳህን ይዛ ስታዞር ዋለች።

«በውርጭ ነው የተረገጠው» አለች እናቷ ኢሽቤል ተንበርክካ ሣሩን እየዳሰሰች። «ከትናንት በስቲያ ጠዋት።»

በነሮና ቤት ልጅ ከፊደል በፊት የሚማረው ይህንን ነው። ውርጭ የያዘው ሣር እንደ መስታወት ነው፤ ሲረገጥ ውስጡ ይሰበራል። በዕለቱ ምንም አይታይም። ቆይቶ ነው የሚጠቁረው። አያቷ ከእናቷ በፊት የሜዳው ኃላፊ ሳሉ፣ በውርጭ ጠዋት የክለቡን ሊቀመንበር እንኳ ከመንገድ ይመልሱ ነበር። «ሣሩ ተኝቷል፣ ጌታዬ። ፀሐይ እስክትቀሰቅሰው ሻይዎን ይጠጡ» ይሏቸው ነበር።

«ቅዳሜ ውድድር ነው» አሉ የክለቡ ኮሚቴ አባል ሚስተር ጊልክራይስት። «ከስኮትላንድ ዳር እስከ ዳር ሰው ይመጣል። የሚያዩት ይህንን ነው?» ወደ ፊንሌይ ዞሩ። ፊንሌይ ባለፈው በጋ በተለማማጅነት የገባ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። «ያን ቀን መከልከያ ገመዱን የዘረጋኸው አንተ ነህ። ዞረህ መሄድ ሰነፍክና አቋረጥከው፤ አይደለም?»

ሮና «አይደለም» እስኪል ጠበቀች። ፊንሌይ መልስ የሚያጣ ልጅ አይደለም። አሁን ግን ቦት ጫማውን አየ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ።

«እንግዲያው ውድድሩ እስኪያልቅ ሜዳው ላይ እንዳላይህ። በመስከረም ኮሌጅ ልንልክህ ያሰብነውንም ኮሚቴው እንደገና ያየዋል።»

ኢሽቤል የፊንሌይን ቦት ጫማ አየች፤ ከዚያም ዱካውን።

ሮና ፊንሌይን የማጨጃ መኪናዎቹ በሚያድሩበት መጋዘን አገኘችው። ጓንቱንና የሻይ ኩባያውን ከረጢት ውስጥ ይከታል።

«ምን ነካህ?» አለችው። «አንተ አልረገጥከውም።»

«ማን እንደረገጠው አወቅሽ ማለት ነዋ።»

«አይተኸኝ ነበር?»

«ከወዲያኛው ጫፍ ገመድ ስዘረጋ። ጠራሁሽ እኮ። መንደሩ በሙሉ ሰምቶኛል፤ የሚስተር ጊልክራይስት ውሻ እንኳ መልሶልኛል። አንቺ ግን ቀጥ ብለሽ ሄድሽ። ሹፌር የሌለው አውቶብስ ነበር የምትመስዪው።»

ሮና ያን ጠዋት ለማስታወስ ሞከረች። በራቸው ላይ ጫማዋን ስታስር ትዝ አላት። ከዚያ የአውቶብሱ ወንበር። በመሐሉ ምንም የለም፤ ውርጩም፣ ሣሩም፣ የሚጠራትም ሰው።

«ለምን ዋሸህ?»

ፊንሌይ ትከሻውን ሰበቀ። «ትራክተሩን ኩሬ ውስጥ የከተትኩ ጊዜ አያትሽ ምን ብለው እንዳዳኑኝ ታውቂያለሽ? ‹ብሬኩ አልያዘለትም› አሉ። ብሬኩ እኮ ከኔ በላይ ጤነኛ ነበር።» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «አንቺ አሁን ሌላ ጣጣ አያስፈልግሽም። በቃ፣ አለፈ።»

«ኮሌጁስ?»

«ዓሣ ፋብሪካ ሁልጊዜ ሰው ይፈልጋል። ሽታውን እለምደዋለሁ። ሴት ልጅ ግን አጠገቤ አትቀመጥም።»

ሮና ወደ ቤት ሄደች። ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ ማንም አይጠይቃትም። ረገጥኩት ማለቱም ቢሆን አልከበዳትም። የከበዳት ከዚያ የሚቀጥለው ጥያቄ ነው። እናቷ «እንዴት ሳታዪው?» ትላለች። እናቷ ደግሞ ይኸው ሁለት ወር ሙሉ «በላሽ?»፣ «ለበስሽ?»፣ «ደህና ነሽ?» ትላለች፤ መልሱን ሰምታም ከበሩ አትሄድም። ለእንዲህ ያለች እናት «ምንም አይሰማኝም» ተብሎ ይነገራል?

«ደህና ነሽ?» አለች ያን ምሽትም ኢሽቤል።

«ደህና ነኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ውርጭ አልነበረም፤ ጤዛ ብቻ። ኢሽቤል በረጅሙ ዘንግ ጤዛውን ከሣሩ ላይ ጠርጋ ጨርሳ፣ ተንበርክካ ትሠራለች። ቀዳዳ ማውጫውን፣ እጀታ ያለውን የብረት ቱቦ፣ ጠቆር ያለው ሣር ላይ ትተክልና ከነአፈሩ ታወጣዋለች፤ ከዚያም ከመጠባበቂያው የሣር መደብ የመጣ አረንጓዴ ቁራሽ በቦታው ትደፍናለች። ብዙ ይቀራታል።

ሮና በአጥሩ አልዘለለችም። በመንገዱ ዞራ መጣች። ከእናቷ አጠገብ ስትደርስ የትምህርት ቤት ጫማዋን አንሥታ ካልተነካው ጥቁር ዱካ ላይ ቀስ ብላ አሳረፈችው። ልክክ አለ።

«እማዬ» አለች።

ኢሽቤል ጫማውን አየችው። አልደነገጠችም።

«የፊንሌይ እግር ጀልባ ያህላል» አለች። «ትናንት ከሄዳችሁ በኋላ ዱካውን ለካሁት። መቼ ትነግሪኝ ይሆን እያልኩ... መናገር የነበረብኝስ እኔ ነበርኩ።» ቀና ብላ አየቻት። «ያን ቀን በርዶሽ ነበር?»

«አላውቅም። ፊንሌይ ሲጠራኝም አልሰማሁም። ከአያዬ ወዲህ ምንም አይሰማኝም፣ እማዬ።»

እናቷ ቀዳዳ ማውጫውን ከሣሩ ነቀለች። ከዚያ በጉልበቷ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

«አውቶብሱ ያመልጥሻል» አለች።

«ይሂድ። ይህንን አግዤሽ ሚስተር ጊልክራይስት ቤት እሄዳለሁ።»

«አብሬሽ ልሂድ?»

ሮና አሰበች። «እስከ በሩ ድረስ።»

ቀዳዳ ማውጫውን ተቀብላ በራሷ ዱካ ላይ ተከለችው። በሁለት እጇ ጨብጣ ተጫነች። ብረቱ በጤዛ ርሷል።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች።

ኢሽቤል ፈጥና ጓንቷን አውልቃ ዘረጋችላት። ሮና ራሷን ነቀነቀችና፣ በባዶ እጇ እንደያዘች፣ እንደገና ተጫነች።