አንድ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ ሁለት

«መጨረሻውስ? እንዴት ያልቃል?» አሉ አቶ ኢተፋ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው።

«መጨረሻ ላይ ድልድዩ ይመረቃል» አለች ቢሊሴ። «ሙዚቃ አለ፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። መሐንዲሱ ድልድዩ መሀል ላይ ቆሞ ለባለ ጀልባዋ እጁን ያውለበልብላታል። በዚያው ያልቃል።»

«ይመረቃል?» አቶ ኢተፋ ቀና አሉ። «ታዲያ የፈረሰው መቼ ነው?»

«ከዚያ በፊት ነዋ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ፈርሶ ነው እንዴ የተመረቀው?» ሲል ደግሞ ሳቁ ባሰ። ቢሊሴ ለምን እንደሚስቁ አልገባትም። የተረከችው የሰማችውን ነው፤ አንድም ነገር አልጨመረችም። ነገር ግን አርባ ሰው በአንድ አፍ ሲስቅበት ትክክል የሆነ ሰውም ቢሆን ላብ ያጠምቀዋል። እሷንም አጠመቃት።

ቀኑ የመጨረሻ ዕድሏ ነበር። አዳማ ያለው ትምህርት ቤታቸው በጥቅምት «አሥራ ሁለት መጽሐፍ» የሚባል የንባብ ውድድር ጀምሮ፣ ዛሬ በግንቦት አጋማሽ መዝገቡ ይዘጋል። ተማሪው አንድ መጽሐፍ በጨረሰ ቁጥር ጠያቂ ፊት ቀርቦ ይተርካል፤ በአማርኛም በኦሮምኛም በእንግሊዝኛም፣ እንደፈለገው። አሥራ ሁለቱን ያለፈ ስሙ መግቢያው በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያም ባቱ ሄዶ ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከአርሲ ነገሌና ከሻሸመኔ ልጆች ጋር ይወዳደራል። ቢሊሴ አሥራ አንዱን አልፋለች። የቀራት ይህ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ባቱን ብታየው ባታየው ግድ አልነበራትም። እሷ የፈለገችው ሰሌዳውን ነው። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ስታነብ መስመር ይዘልባታል፤ አንዱን ይዛ ስትሄድ ሳታውቀው ሌላው ላይ ትገኛለች። ጮክ ብሎ የማንበብ ተራ ሊደርሳት ሲል ስንት ጊዜ ሽንት ቤት አስፈቅዳ እንደወጣች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የክፍሏ ልጆች «ቢሊሴ አንብባ እስክትጨርስ ክረምት ይገባል» ይሉ ነበር። ዘንድሮ ግን ያንን አፍ የሚያዘጋ ነገር አገኘች።

ያገኘችው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ኃላፊዋ መምህርት ቀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎልደር ከፍተው ነበር። ውስጡ ደራሲዎቻቸው ከሞቱ ዘመን የተቆጠረ፣ የቅጂ መብታቸው ያበቃ፣ ማንም በነፃ የሚወስዳቸው የድሮ መጻሕፍት ሞልተዋል። ግማሾቹ በስክሪን ይነበባሉ። ግማሾቹን ደግሞ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች በድምፃቸው አንብበው ቀድተዋቸዋል። «ቲቸር፣ መስማትም ይቆጠራል?» ብላ ስትጠይቃቸው መምህርት ቀመሪያ ትከሻቸውን ሰበቁ። «እሱን ጠያቂው ያያል» አሉና ሚሞሪ ካርዷን ሞሉላት።

ካርዱ የእናቷ ነው፤ ስልኩም የእናቷ። እናቷ ጫልቱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የምትሠራበት ቦታ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ስልኳ ቤት ይውላል። ከሰዓት በኋላ ሰርቪሱ እናቷን ይዞ እንደሄደ ስልኩ የቢሊሴ ይሆናል። ልብስ ስታጥብ፣ ከቧንቧ ውሃ ስትቀዳ፣ ሽንኩርት ስትልጥ አንደኛው ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ከተበላሸ ቆይቷል። ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ደግሞ ያንኑ መጽሐፍ ኮምፒውተሩ ላይ ፊደሉን አጉልታ ትከፍትና ድምፁን እየሰማች በጣቷ ትከተላለች። እንደዚያ ስታደርግ መስመሩ አልዘለለባትም! የመጀመሪያውን መጽሐፍ የጨረሰች ቀን ግቢው መሀል ቆማ ብቻዋን ሳቀች።

የባለ ጀልባዋን ታሪክ ግን በጆሮዋ ብቻ ነው የጨረሰችው። የፈተና ሰሞን ስለነበር ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መቀመጫ አልተገኘም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ አቶ ኢተፋ፣ ሳቁ ጋብ ሲል። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ለዛሬው ጠያቂነት ከአርሲ ነገሌ ድረስ ተጋብዘው ነው የመጡት። «ይህን መጽሐፍ በወጣትነቴ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጠዋት ደግሞ ጓደኛሽ ሀኒያ አሳምራ ተርካዋለች። አንቺ የምትይው ሌላ ነው። በእርግጥ አንብበሽዋል?»

«ሰምቼዋለሁ፣ ጋሼ። ሲነበብ፣ በስልክ።»

«መስማትማ እኔም ዜና እሰማለሁ!» አለ ያው የኋላ ወንበር ልጅ።

አቶ ኢተፋ በእጃቸው ዝም አሰኙትና ሰዓታቸውን አዩ። «አሥር ደቂቃ ሰጥቼሻለሁ። ውጪ ወጥተሽ ሐሳብሽን ሰብስቢ። ተመልሰሽም እንዲሁ ከሆነ ግን አልቆጥርልሽም።»

ኮሪደሩ ላይ ሀኒያ ተከትላት ወጣች። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት።

«ምን ነክቶሽ ነው በናትሽ? ወሩን ሙሉ ስለዚህ መጽሐፍ ስታደነቁሪኝ ከርመሽ መጨረሻውን ታበላሺዋለሽ?» ሀኒያ ስልኳን ከፍታ ዘረጋችላት። «እንቺ። ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ማጠቃለያ ነው፤ አንድ ገጽ ናት። አንብቢና ግቢ።»

«አንቺ... መጽሐፉን አላነበብሽውም?»

«ኧረ ፈታ በይ! ይቺን ባጃጅ ውስጥ ነው ያነበብኳት። አለፍኩ አይደል? አንቺም ‹ስለደነገጥኩ ተምታታብኝ› በያቸው፤ አለቀ።»

ቢሊሴ ልትቆጣ ነበር፤ ዓይኗ ግን ቀድሟት ገጹ ላይ አረፈ። በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችው። መሐንዲሱ ይመጣል። ድልድይ ይሠራል። ድልድዩ ይመረቃል። ከዚያ ጎርፍ ይመጣና ድልድዩ ይፈርሳል፤ ባለ ጀልባዋ በአሮጌ ጀልባዋ ሰባት ሰው ታወጣለች፤ መሐንዲሱ ይሞታል፣ ይቀበራል። ሁሉንም ታውቀዋለች። ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው የተለየው።

ለዛሬ ይዛው የመጣችውን የእናቷን ስልክ ከቦርሳዋ አወጣችና ፋይሎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብላ አየቻቸው። አንድ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ እያለ እስከ ዘጠኝ።

ጉድ ፈላ! ስልኩ በ1 የሚጀምረውን ቁጥር ሁሉ ሰብስቦ አስቀድሞት ኖሯል። የቀደሙት አሥራ አንዱ መጻሕፍት ከዘጠኝ ፋይል የማይበልጡ ስለነበሩ አልታወቃትም። አንባቢዋ ሴትዮ ደግሞ የምዕራፍ ቁጥር አትጠራም፤ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ ትጀምራለች። የቢሊሴ እጅ ሳሙና ውስጥ፣ ስልኩ ኪሷ ውስጥ፤ ማን አይቶት? መጽሐፉን ከአንደኛው ምዕራፍ ወደ አሥረኛው ዘላ፣ መጨረሻውን ጨርሳ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ተመልሳ ነው የሰማችው። የቀበረችው መሐንዲስ እየሳቀ ከጋሪ ሲወርድ «ደራሲው ወደ ኋላ ተመልሶ እየተረከልን ነው» ብላ ነበር። እንዲያውም አድንቃዋለች።

ነገሩን ስትነግራት ሀኒያ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። «ሼም ነው ቢሊሴ! ይህንንማ እንዳትናገሪ። እስከ ከርሞ ነው የሚስቁብሽ!»

ቢሊሴ አመነታች። ማጠቃለያው እጇ ላይ ነው። ብትሸመድደው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ስሟም ሰሌዳው ላይ ይወጣል። ውሸትም አይመስልም፤ እያንዳንዷን ቃል ሰምታለች፣ ከሀኒያ የበለጠ ሰምታለች። ግን ሰሌዳው ላይ ስሟን ባየች ቁጥር ትዝ የሚላት ይቺ የባጃጅ ውስጥ ገጽ ልትሆን ነው። ያ ሁሉ ልብስ፣ ያ ሁሉ ውሃ፣ ያለቀሰችው ሁሉ የት ሊገባ?

ስልኩን ለሀኒያ መልሳላት ገባች።

«ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ። «መጽሐፉን የሰማሁት ተዘበራርቆ ነው። ስልኩ ከአንድ ቀጥሎ አሥርን አጫወተልኝ፤ እኔም ደራሲው እንደዚያ የጻፈው መስሎኝ ነበር።»

ሳቁ ከቅድሙ ባሰ። መምህርት ቀመሪያ ሳይቀሩ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ያልሳቁት አቶ ኢተፋ ብቻ ናቸው። ስልኩን ተቀብለው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ መልሰውም ሰጧት።

«በይ እንግዲያው በሰማሽው ተራ ተርኪልኝ» አሉ። «ከመጀመሪያው።»

ቢሊሴ ጀመረች። መጀመሪያ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ጎርፉ ጋ ስትደርስ ግን ክፍሉን ረሳችው፤ ጀልባዋን በእጇ እየቀዘፈች፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ እየጎተተች ተረከች። አማርኛው ሲያጥራት ኦሮምኛ ጣል እያደረገች ቀጠለች።

«መሐንዲሱን ከቀበርኩት በኋላ ነው የተዋወቅሁት» አለች። «ስለዚህ እሱ ሲስቅ እኔ አልስቅም። ባለ ጀልባዋ እንጀራዬን ሊዘጋ መጣ ብላ ትጠላዋለች፤ እሱ ግን ቀዘፋ አስተምሪኝ ይላታል። ሲማር ውሃ ውስጥ ይወድቃል፤ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ‹ኧረ ዋና አይችልም!› እላለሁ። ሠራተኞቹ ‹መሠረቱ ትንሽ ይጠልቅ› ይሉታል፤ ‹ይበቃል› ይላል። የሚገድለው እኮ ያ ‹ይበቃል› ነው! እሱ አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ልብስ እያጠብኩ ‹አይበቃም! ጨምሩበት!› ብዬ ስጮህ ጎረቤታችን ሳሙና ያነሰኝ መስሏት ይዛልኝ መጣች።»

ክፍሉ ሳቀ፤ ይህኛው ሳቅ ግን የሚያላብ አልነበረም። ቢሊሴም አብራ ሳቀች።

«በመጨረሻ የሰማሁት ምረቃውን ነው። ሙዚቃ አለ። መሐንዲሱ ድልድዩ መሀል ቆሞ እጁን ያውለበልብላታል። ባለ ጀልባዋ ተቀይማዋለች፤ እጇን አታነሳም፤ ሌላ ቀን ያለ ይመስላታል። እኔ ግን...» እጇን ወደ ላይ አነሳች። «እኔ ግን ‹አንሺለት እንጂ! ዛሬ አንሺለት!› ብዬ አለቀስኩ። በዚያው አለቀ።»

የኋላ ወንበሩ ልጅ እንኳ አገጩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ አፉን ከፍቷል።

አቶ ኢተፋ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ጠርገው ሲጨርሱ እንደገና ጠረጉት። «ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አሉ። «ያቺን ያልተነሳች እጅ ግን ልብ ብያት አላውቅም። ዛሬ ማታ ቤቴ ገብቼ እንደገና ላነበው ነው።» ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «መስማት ይቆጠራል ወይ ብላችሁ ነበር። ማጠቃለያ የሸመደደ ሰው እንዲህ ዓይነት ስህተት መሳሳት አይችልም። እንዲህ ለመሳሳት እያንዳንዷን ምዕራፍ በልብ መስማት ያስፈልጋል። ቀመሪያ፣ መዝገቡን አምጪልኝ። አሥራ ሁለት ብለሽ ጻፊላት።»

ክፍሉ በፉጨትና በጭብጨባ ተናጋ። የኋላ ወንበሩ ልጅ ወንበር ላይ ወጥቶ «አይበቃም!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት፤ «አይበቃም! ጨምሩበት!» እያሉ ጠረጴዛውን ደበደቡት። ቢሊሴ መሀላቸው ቆማ ደስታዋን የምታደርግበት ጠፋት። ኮርታ አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ኮራች፣ በግልጽ፣ ጥርሷን ሁሉ እያሳየች።

መምህርት ቀመሪያ ሰሌዳው ላይ ስሟን ጽፈው ሲሄዱ ቢሊሴ ብቻዋን ቀረች። የራሷን ስም አምስት ጊዜ አነበበችው። ከእሷ ስም ሁለት መስመር ከፍ ብሎ «ሀኒያ» ይላል።

«ልትናገሪብኝ ነው?»

ሀኒያ ከኋላዋ ቆማለች። ‹የሸመደደ› የሚለው ቃል እዚያ ክፍል ውስጥ ማንን እንደወጋ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የኮሪደሩ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፍቷል፤ ዓይኗ ቀልቷል።

ቢሊሴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የእናቷን ስልክ አወጣችና የፋይሎቹን ስም አንድ በአንድ መቀየር ጀመረች፤ ከአንዱ ፊት ዜሮ፣ ከሁለቱ ፊት ዜሮ፣ እስከ ዘጠኝ። ሁሉም በየተራቸው ሲገቡ ላከችላት። የሀኒያ ስልክ ጮኸ።

«ምንድን ነው?»

«መጽሐፉ። አሥራ ሁለት ምዕራፍ ነው። ባቱ የምንሄደው የዛሬ ሳምንት ነው አይደል? እስከ ረቡዕ ስሚው። ረቡዕ ቤታችን ነይ፤ እኔ እጠይቅሻለሁ።»

«ካልመለስኩስ?»

«ስምሽን ራስሽ ታጠፊዋለሽ» አለች ቢሊሴ። «እኔ ለማንም አልናገርም።»

ሀኒያ ስልኳን አገላበጠችው። «ያንቺው ቅደም ተከተል አይሻልም ግን? ሁሉም እኮ ወደደው።»

«መጀመሪያ በተራው ስሚው። ያኛው የኔ ነው።»

ሀኒያ ቦርሳዋን በርብራ ማዳመጫዋን አወጣችና ሁለቱንም ጆሮዎቿ ላይ ሰካች። ቢሊሴ የመጀመሪያው ምዕራፍ እስኪጀምርላት ድረስ አጠገቧ ቆየች፤ ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።