ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ

ጎህ ሲቀድ የፍርድ ቤቷ ጸሐፊ የመኪናዋን ኮፈን ከፍታ የዘይቱን መለኪያ በጨርቅ ጠረገች፤ መልሳ ከተተች፤ አውጥታ በእጅ መብራት አየች። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መካከል ነበር። አባቷ በተሳፋሪው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ «እኔ በድምፅዋ አውቃታለሁ፤ ዘይት አልጎደላትም» አሉ። ሞተሩ ገና አልተነሳም ነበር።

እሷ መለኪያውን መልሳ ከተተች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው በችሎት የሚናገረውን ፊቷን ሳታጨማድድ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። የአባቷንም ቃል እንደዚያው በሆዷ መዝግባ ወደ ራዲያተሩ ውሃ አለፈች፤ ከውሃው ወደ ጎማዎቹ፣ ከአራቱ ጎማዎች ወደ ትርፉ ጎማ፣ ከዚያ ወደ ክሪኩ። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ስምንት ወሯ ነው፤ የነዳችውም ከቤት እስከ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት እስከ ቤት ነው። ዛሬ ግን በረሃውን፣ ቁጥቋጦውን፣ ከዚያም ገደሉን ማቋረጥ አለባት።

ከገደሉ ማዶ ባለችው ከተማ የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል፤ ወሬው እነሱ ዘንድ የደረሰው ትናንት ነው። መዝገቡ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሐኪሞቹ ስማቸው የተጻፈላቸውን አክመው ይሄዳሉ፤ የሚመለሱት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አባቷ በቀኝ ዓይናቸው ከብርሃን በቀር አያዩም። በግራውም ሞራው በርትቶ ዓለም ሁሉ ዘይት የነካው ወረቀት ሆኖባቸዋል። ሠላሳ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰውዬ አሁን የሻይ ብርጭቋቸውን በጣት ፈልገው ነው የሚያገኙት።

«ቀበቶዎን ይሰሩ፣ አባባ።»

«ሠላሳ ሁለት ዓመት ያለ ቀበቶ ነድቻለሁ።»

«ዛሬ እየነዱ አይደለም።»

አሰሩ።

ፀሐይዋ በረሃውን ሳታሞቀው ነፋሱ ተነሳ። መጀመሪያ አሸዋው በአስፋልቱ ላይ እንደ እባብ ተሳበ፤ ቀጥሎ ቀና ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ምድሩም ሰማዩም ጠፋ። መብራት አበራች፤ ፍጥነት ቀነሰች፤ የመንገዱን ጠርዝ መለየት ሲያቅታት ወጣ ብላ ቆመች። አባቷ መቆሟን አልወደዱትም። በእሳቸው ጊዜ ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳ እንደነበር፣ እንዲያውም አንዴ ሁለት ቀን ሙሉ እንዲያ ነድተው ቤት ሲገቡ ሚስታቸው እንዳልለየቻቸው ተረኩላት። ታሪኩን ስትሰማው ይህ ሰባተኛዋ ነው፤ በስድስተኛው ግማሽ ቀን ነበር።

አቧራው ሲያልፍ መኪናዋ ተነሳች፤ ግን ነዳጅ ሲረገጥላት ታቃስት ጀመር። «ትንፋሽ አጥሯታል፤ አፍንጫዋን አራግፊላት» አሉ አባቷ። በዚህስ ልክ ነበሩ። የአየር ማጣሪያውን አውጥታ ከጫማዋ ሶል ጋር እያላተመች ስታራግፈው፣ የበረሃው እኩሌታ ከውስጡ ወጣ። ስትነሳ አራት ሰዓት አልፏል፤ ትከሻዋ ደንዝዟል፤ ጥርሷ ውስጥ አሸዋ ይንኮሻኮሻል።

ከቁጥቋጦው መሃል የኋላው ግራ ጎማ ተነፈሰ። እሾኹ እንደ አውራ ጣት ነው። ጸሐፊዋ የእጅ ፍሬን ስባ፣ ከፊት ጎማው ሥር ድንጋይ አስገብታ፣ መፍቻውን ይዛ ስትንበረከክ ሠላሳ እርምጃ ላይ ያለው ጥቁር ጉቶ ጆሮውን አርገበገበ።

«አባባ፣ ከመኪናው እንዳይወርዱ።»

አባቷ በመስኮቱ አሸተቱ። «ጎሽ ነው?»

«ጎሽ ነው።»

«ብቻውን ነው ወይስ ከመንጋ ጋር?»

«ብቻውን።»

«ይኸ ደግ አይደለም» አሉ፤ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ብሎኖቹን መኪናዋን ከማንሳቷ በፊት እንድታላላ ነገሯት። እሷም ይህንኑ እያደረገች ነበር። አምስቱን ብሎን አላላች፤ ክሪኩን ከወፍራሙ ብረት ሥር አስገብታ አነሳች፤ ጎማውን አወጣች። ጎሹ ሁለት እርምጃ ቀረበ። ትርፉን ጎማ አገባች። አንድ እርምጃ ጨመረ። ብሎኖቹን በየተራ ሳይሆን ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያጠበቀች ሄደች። አራተኛው ላይ መፍቻው አምልጧት ሲወድቅ አባቷ ሦስት ብሎን ለጊዜው እንደሚበቃ አሳሰቧት። እሷ አምስተኛውንም አጠበቀች፤ አውርዳም ደግማ አጠበቀች። ጎሹ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ ከኋላ ክላክስ እያምባረቀ አንድ ፒክአፕ መጣ፤ በአጠገባቸው ሽው ብሎ አለፈ፤ አውሬውም ደንብሮ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

«ጥይት ነው» አሉ አባቷ፤ ክላክሱን አውቀውታል። ጥይት የድሮ ረዳታቸው ነው። ከእሳቸው ጋር ስድስት ዓመት ሠርቶ፣ መሪ ይዞ፣ ዛሬ የራሱ ፒክአፕ ኖሮታል። ከሸራው ሥር ስምንት ሽማግሌና አሮጊት ጭኗል፤ ሁሉም ዓይናቸውን በነጠላና በመሐረብ ጋርደዋል። እሱም ወደ ዓይን ሐኪሞቹ ነው። ጥይት ያደረገላቸው እርዳታ ይኸው ብቻ ነበር፤ እሱንም ሳያውቀው።

ጥይት በአንዲት መንደር ሽማግሌዎቹን ለሽንት ሲያወርድ እሷ ቀደመችው። ገደሉ አፋፍ ላይ ስትደርስ ግን ከኋላዋ ተለጥፏል፤ እጁን ከክላክሱ ለአፍታም አያነሳም። ከታች መንገዱ ተጠማዞ ተጠማዞ ጭጋግ ውስጥ ይሰምጣል። በቀኝ ድንጋይ፣ በግራ ባዶ አየር ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የመንጃ ትምህርት ቤቱ መምህር፣ ሽቅብ በምትወጪበት ማርሽ ቁልቁል ውረጂ ብሏታል። ወደ ሁለተኛ ልትቀይር እጇን ስትዘረጋ አባቷ ያዟት።

«ፍሪ አድርጊያት።»

«ምን?»

«ማርሹን ነጥዪና ልቀቂያት። በክብደቷ ትውረድ፤ አንቺ ፍሬን ብቻ ነካ ነካ ታደርጊያለሽ። ነዳጅ አይበላ፣ ጊዜ አይበላ። ይህን ቁልቁለት ዕድሜ ልኬን በፍሪ ነው የወረድኩት።»

እንቢ ማለት ነበረባት። ግን ከንጋት ጀምሮ ለሁሉም ነገር እንቢ ስትል ውላለች፤ ክላክሱ ጭንቅላቷን ይበሳል፤ ሰዓቱም ይሄዳል። ነጠለችው።

መኪናዋ እንደ ውሃ ፈሰሰች። ፒክአፑ ወደ ኋላ ቀረ። አንደኛው ጥምዝ፣ ሦስተኛው፣ ስድስተኛው። አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀኑ ፈገግ አሉ። በስምንተኛው ጥምዝ የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ሽታ ገባ፤ በዘጠነኛው ፍሬኑ ከእግሯ ሥር ለሰለሰ፤ በአሥረኛው ወለሉን ነካ፣ መኪናዋም አልያዘችም።

የፍሪሲዮኑን ፔዳል ረግጣ ሦስተኛ ማርሽ ውስጥ ወሸቀችው። ሞተሩ ጮኸ። ፍሬኑን ደጋግማ ረገጠች፤ ጥቂት ያዘ፣ ከዳ። የእጅ ፍሬኑን በአንዴ ሳይሆን ጥርስ በጥርስ ሳበች፤ ሁለተኛ አስገባች፤ መላ መኪናዋ አንገቷን ቀልሳ ተርገፈገፈች። ከፊት፣ በድንጋዩ በኩል፣ ለመንገድ ጥገና የተከመረ ጠጠር ነበር። መሪውን ወደዚያ አዞረች። ጠጠሩ እስከ መብራቱ ዋጣት፤ ቆመች።

ጠጠር በኮፈኑ ላይ ተንከባለለ።

«ሽታው ሲመጣ አውቄው ነበር» አሉ አባቷ።

«ለምን አልተናገሩም?»

አባቷ በጉልበታቸው ላይ ያሉትን እጆቻቸውን ያዩ ይመስል አቀረቀሩ። ከዚያ ሊነግሯት ጀመሩ። ከሥራ የወጡት በዓይናቸው ምክንያት አልነበረም። እዚሁ ቁልቁለት ላይ፣ በፍሪ ሲወርዱ፣ ፍሬኑ ከዳቸው። በሩን ከፍተው ዘለሉ፤ መኪናው ከነጭነቱ ገደል ገባ። ለመሥሪያ ቤቱ የፍሬን ቱቦ ተበጠሰ አሉ፤ ለቤተሰቡ ዓይኔ ደከመ አሉ።

«ታዲያ ዛሬ ፍሪ አድርጊ ያሉኝ?»

«ዕድሜ ልኬን ተሳስቼ ነበር ከማለት ቀለለኝ።»

እሷ ይህንንም እንደ ምስክር ቃል ተቀበለች። ይህን ሲያወሩ ፒክአፑ ደረሰ፤ ሸራው እየተርገበገበ በአጠገባቸው አለፈ። አባቷ ጆሯቸውን ቀና አደረጉ። ንፋስና የጎማ ድምፅ እንጂ የሞተር ድምፅ የለም።

«ፍሪ ነው» አሉ። በሩን ከፍተው ወጡ፤ በባዶው አየር አቅጣጫ ቆመው «ጥይት! ማርሽ አስገባ!» ብለው ጮኹ። ገደሉ ድምፃቸውን መለሰላቸው። ጥይት አልሰማም። አባቷ ወደ መኪናዋ በዳበሳ ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አሉ።

ፍሬኑ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረባቸው። ውሃ እንዳታፈስበት፣ የጋለ ብረት በውሃ እንደሚሰነጠቅ ነገሯት። የፍሬኑን ዘይት አየች፤ አልጎደለም። ጠጠሩን በእጇ ጫረች። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ፔዳሉን ስትረግጠው መልሶ ጠነከረ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ፣ እንደ ሸክም ተሸካሚ ቁልቁል ወረዱ። ክንዷ ዛለ። ወገቧ የሌላ ሰው ሆነባት። በየጥምዙ አባቷ «ምን ይታያል?» ይሏታል፤ እሷ «መንገድ» ትላቸዋለች።

ከሥር፣ የመጨረሻው ጥምዝ ላይ፣ ሌላ ነገር ታየ። ፒክአፑ አፍንጫውን አፈር ውስጥ ተክሎ ቆሟል፤ የተቃጠለ ፍሬን አሁንም ይሸታል። ስምንቱ አረጋውያን በጥላው ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ነፍስ አልጠፋም፤ አንዲት አሮጊት ግንባራቸው ተልጧል። ጥይት መሬት ላይ ተቀምጦ ነጠላ ጫማውን ፈልጎ እንዳጣ ሰው ያያል። ሌላ መኪና በመንገዱ ላይ የለም። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ነው።

«ስንት ሰው ትይዛለች?» አሉ አባቷ፤ መልሱን ያውቁታል።

«ከኋላ ሦስት።»

«የከፋባቸውን ሦስት አስገቢ።»

ግንባራቸው የተላጠውን አሮጊትና ሁለት ሽማግሌዎች አስገባች። አንደኛው እስከ ከተማው ድረስ ስለ መቀመጫው ጠባብነት አጉረመረሙ። ሐኪሞቹ ባሉበት ጤና ጣቢያ ደጅ ሲቆሙ አሥር ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል። በመተላለፊያው መጨረሻ፣ ከጠረጴዛ ኋላ፣ መዝጋቢዋ ማኅተሟን በቀለም ትነክራለች።

«ሦስት ቦታ ነው የቀረኝ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ጸሐፊዋ ከኋላዋ ያሉትን ሦስቱን አየች፤ ትከሻዋን የያዘው የአባቷ እጅ ሲጠብቅ ተሰማት። አፏን ከፈተች። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ አባቴ ይቅደም ልትል ነበር። አባቷ ቀደሟት።

«እነዚህ ሦስቱ ናቸው።»

መዝጋቢዋ ቀና ብላ የነጣውን ዓይናቸውን አየች። «እርስዎስ?»

«እኔ ሹፌር ነኝ፤ ሰዎቹን ላደርስ ነው የመጣሁት።»

መዝጋቢዋ ዓይናቸውን፣ ከዚያ በልጃቸው ትከሻ ላይ ያለውን እጅ አየች። «ሹፌር» አለች ቀስ ብላ። ጸሐፊዋ የሰው ቃል አርማ አታውቅም፤ ዛሬም አላረመችም። ሦስት ስም ተጻፈ። ማኅተሙ ሦስት ጊዜ ወደቀ።

ደጅ ላይ ጸሐፊዋ የመኪናዋን ኮፈን ተደግፋ ቆመች። 

«ሁለት ዓመት ነው፣ አባባ።»

«ቆጥሬዋለሁ።»

«ይሄ እንኳ እስከዚያ ላይቆይ ይችላል» አለች፣ በጣቷ ወደ ግራ ዓይናቸው እያመለከተች፤ ጣቷን እንዳላዩት ትዝ ሲላት አወረደችው።

«አምስት ሰው መንገድ ላይ አለ፤ ሊመሽባቸው ነው» አሉ አባቷ። «ውሃዋን እይላትና እንሂድ።»

ውሃዋን አየች። ግማሽ ሊትር ጎድሎ ነበር፤ ሞላችው። ገደሉ ሥር ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባለች። ጥይት አሁንም መሬት ላይ ነው። አባቷ የፒክአፑን ጎን እየዳበሱ ሄደው ከአጠገቡ ቁጭ አሉ።

«በፍሪ አትውረድ» አሉት።

ጥይት ቀና ብሎ አያቸው፤ የሚስቁበት መሰለው። «እርስዎ እኮ ነዎት ያስተማሩኝ።»

«ተሳስቼ ነበር» አሉ። «ይኸን ልነግርህ ነው የተመለስኩት።»