ላፕቶፑን የዘጋው ሰው

መምህር ኑርዬ ከበረንዳቸው የድንጋይ ደረጃ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። ሰኔ 2014 ነው፤ ሐይቅ ከተማ መብራት ከጠፋባት ሦስተኛ ቀኗን ይዛለች። ሰፈሩ «አንሸራቷቸው ነው» ብሎ ተስማምቶ ከፈን ሊያስመጣ ሲል ኢንስፔክተር ረቢያ ከደሴ ደረሰች።

«ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው» አሏት አንድ ሽማግሌ። ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር።

«እስከዚያ እጨርሳለሁ» አለች። ረቢያ ሰው ሲያወራ ፊቱን ትታ እጁን የምታይ ሴት ናት፤ ይህ ልማዷ ስንት ሚስት ፈላጊ እንዳባረረባት ደሴ ይቁጠረው።

የሟች እግር የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው፤ የተፈነከተው የጭንቅላታቸው ኋላ ነው። በረንዳው ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ተከድኖ ተቀምጧል። ጠርዙ ላይ ያለች ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

መጀመሪያ የሟችን ልጅ አሚናትን ጠራች። ከጅዳ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ውጫሌ አክስቷ ዘንድ ሄዳ አድራ፣ ጠዋት ስትመለስ ነው አባቷን ያገኘችው። ከመሄዷ በፊት ግን ስትጮህባቸው ተሰምታለች። ሰፈሩ ለመፍረድ ፖሊስ አይጠብቅምና «ገፍትራው ሄደች» እያለ ማንሾካሾክ ጀምሯል።

«ምን አጣላችሁ?»

አሚናት አንገቷን ደፋች። «ዝርዝሩ። በጦርነቱ ጊዜ ሰው ወደ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሲሸሽ፣ ባዶ ቤት የዘረፈው ታጣቂ ብቻ አልነበረም። እኛም ነን፤ ጎረቤት የጎረቤቱን። አባዬ በራሳቸው ፈቃድ መጥተው ያመኑ ሰዎችን ይጽፋል፣ ዕቃውን ለባለቤቱ ያስመልሳል። ‹የሰው ነውር ጽፈህ አታኑር› አልሁት። ጮሄበት ወጣሁ። በዚያው ቀረ።»

ሁለተኛው የኮምፒውተር መምህሩ ውበቱ ነው። ላፕቶፑን በወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር ቻርጅ አስደርጎ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ያመጣላቸው እሱ ነው።

«ይህች መብራት ምን ማለቷ ነው?»

«ተኝቷል፤ ስሊፕ ላይ ነው።» ግራ ገባው። «ጋሼ ኑርዬ እኮ እንዲህ አይተዉትም! ስሊፕ ባትሪ ይበላል። ለሶላት ሲነሡ ሀይበርኔት ያደርጉታል፤ የከፈቱት ገጽ እንዳለ ይቆያል፣ ባትሪውም አይነካም። ሊተኙ ሲሉ ደግሞ ሻት ዳውን አድርገው ጨርሶ ያጠፉታል። እኔው ነኝ ያስተማርኋቸው፤ አንድ ቀን አልሳቱም።»

«አንተስ ዝርዝሩ ውስጥ አለህ?»

«ዘጠነኛ። ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንተር ወስጄ ነበር። መልሻለሁ።»

የይለፍ ቃሉን ጻፈላት። ረቢያ ብቻዋን ሆና አነበበች፤ ከዚያ ውጫሌ ስልክ ደወለች።

ሦስተኛው እህል ነጋዴው ጋሽ ሐሰን ናቸው፤ የሟች የልጅነት ጓደኛ፣ የከተማው አስታራቂ።

«አላህ ይራህመው። ትናንት ከአሱር ሶላት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ ተለያየን። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁም።»

«ስለ ዝርዝሩ ያውቃሉ?»

«ማን ያላወቀ አለ፣ ልጄ? ምስኪን፣ አሥራ ሰባተኛውን ሳይጨርስ አለቀ።» የሙስበሃ ዶቃ የሚቆጥሩ ጣቶቻቸው ቀጥ አሉ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሦስቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰበች። አራተኛ ሰው ጨምራለች፤ ባሏ የሞተባትን ልብስ ሰፊዋን መስኡዳን። ለምን እንደተጠራች ማንም አልገባውም።

«ደረጃ የሚወርድ ሰው ፊቱ ወደ ታች ነው» አለች ረቢያ። «መምህር ኑርዬ ግን ፊታቸው ወደ በረንዳው እንደዞረ ወደ ኋላ ወደቁ። ተገፍተዋል። ላፕቶፑንም ሌላ ሰው ነው የዘጋው፤ እሳቸው ስሊፕ ላይ አይተዉትም። ማሽኑ የተኛበትን ሰዓት ይመዘግባል፤ ማታ አሥራ ሁለት ከሃያ። ያን ጊዜ አሚናት ውጫሌ ነበረች። አክስቷም፣ ያሳፈራት የሚኒባስ ረዳትም አረጋግጠዋል።»

አሚናት ጠዋት ያላነባችውን አነባች።

«ውበቱ ቢሆን ጽሑፉን ደምስሶ ሻት ዳውን ያደርገው ነበር። ይህ ሰው ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው የከተማው ጽሕፈት ቤት ወረፋ ላይ የሰማውን ነው። መብራት ሄደ፣ ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ጠፋ፣ ማመልከቻው እንደገና ይጻፍ! ክዳኑን ሲዘጋው ማሽኑ የሚጠፋ መሰለው፤ ከጠፋም የመጨረሻው መስመር አብሮ የሚሄድ። ክዳን መዝጋት ግን ማስተኛት ብቻ ነው።»

ክዳኑን ከፈተችው።

«ጽሑፉ ለመጨረሻ ጊዜ ሴቭ የተደረገው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው፤ እስከ አሥራ ስድስተኛው። አሥራ ሰባተኛው ከዚያ በኋላ ተጀምሮ አላለቀም። አሥር ሰዓት ላይ የሄደ ሰው አሥራ ሰባተኛው እንዳላለቀ ከየት ያውቃል፣ ጋሽ ሐሰን?»

ረቢያ አነበበች፤ «‹አሥራ ሰባት። የመስኡዳ የልብስ ስፌት መኪና። የወሰደው ሐሰን›፤ እዚህ ላይ ይቆማል።»

«በራሴ እግር ነው የመጣሁት» አሉ ጋሽ ሐሰን፣ ድምፃቸው ወርዶ። «ሆዴን ሲበላኝ ከረመ። ስነግረው ቀለለኝ፤ ወላሂ ቀለለኝ። ስሜን ተጽፎ ሳየው ግን… ስንቱን ያስታረቅሁበት ስም! አጥፋው አልሁት። ‹ያልተጻፈ የለም› አለኝ። ስንታገል ገፋሁት። ወደሱ መሮጥ ነበረብኝ፤ እኔ የሮጥሁት ወደ ስሜ ነው።»

«ትንፋሽ ነበራቸው?»

«አላየሁም።» ፊታቸውን አዞሩ። «ለማየት አፈርሁ።»

ረቢያ ገጹን ወደ ላይ ገፋችው። «የመጀመሪያውን መስመር ስሙልኝ። ‹አንድ። የጎረቤቴ ፍራሽና ብረት ድስት። የወሰድሁት እኔ ኑርዬ›።»

አሚናት በሻርፗ አፏን ያዘች። ድስቱን ታስታውሰዋለች፤ የማን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

መስኡዳ ወደ ጋሽ ሐሰን ዞረች። «ሐሰን፣ መኪናዬ አንተ ዘንድ እንዳለ አውቅ ነበር። ግድግዳችን አንድ ነው። ልጅህ ስትሰፋ ድምፁን እየሰማሁ ነው የከረምሁ። መጥቼ እንዳልጠይቅህ፣ ያፍርብኛል ብዬ እኔ አፈርሁ።»

ጋሽ ሐሰን ፎጣቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። አጥሩ ውጭ የቀብሩ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ በረንዳው ላይ ካሉት ግን ቀድሞ ሊወጣ የደፈረ አልነበረም።