ከአርባ በላይ አትነዳም

ማመን አለማመን የናንተ ነው። እኔ ግን ሚኒባሷ ውስጥ ነበርኩ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁልኝ... እኔ ኢክራም አልፈራም። ጀጎል ውስጥ መብራት ሲጠፋ የሰፈሩን ወንዶች እጃቸውን ይዤ ቤታቸው የማደርሳቸው እኔ ነኝ።

አባቴ የእማን ወርቅ ሸጦ ከአዲስ አበባ አዲስ ሚኒባስ ገዛ። እኔና እሱ ወደ ሐረር ስንመለስ የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም። እማ፣ «ቤት ደርሳችሁ ዱዓ ሳይደረግባት ላስቲኩን እንዳትነኩት» ብላለች።

ሞተሯ ገና ስላልተፍታታ ሮዳጅ ላይ ነች። በሰዓት ከአርባ ኪሎሜትር በላይ ከነዷት ሞተሯ ይነክሳል፤ ደርቆ ይቀራል። ባጃጅ ሲቀድመን፣ ወርጄ በእግሬ ልቅደምህ እያልኩ አባቴ ላይ ስቀልድ ዋልኩ።

ቁሉቢ ላይ ሞተሩ እንዲበርድ ቆምን። አባቴ ዐስር ሰገደ። የኋላው በር ለነፋስ ተከፍቶ ነበር።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን።

ኮሽ... ኮሽ...

ሰው ላስቲክ ላይ ሲቀመጥ እንደሚሰማው።

ከጋቢና ወደ ኋላ ዞርኩ። ማንም የለም።

ግን የመጨረሻው ወንበር ላስቲክ በእንፋሎት ደብዝዟል። ከላይ አይደለም... ከስር። ላስቲኩና ወንበሩ መሀል። ልክ የሰው አፍ በሚሆንበት ቦታ።

ይጠፋል... ይመጣል።

ይጠፋል... ይመጣል።

ይተነፍሳል።

«አባ... ፍጠን።»

«አይሆንም።»

«አባ፣ ከኋላ...»

«ሞተሩ ከነከሰ የምንበላው የለንም። ፊት ለፊት እዪ።»

ሐሮማያ ስንደርስ እንፋሎቱ መሀለኛው ወንበር ላይ ነበር።

አወዳይ ስንደርስ... ከኋላዬ።

ጀርባዬን ሞቀኝ።

እያለቀስኩ ነዳጁን ልረግጥለት እግሬን ሰደድኩ። አባቴ ጉልበቴን ያዘኝ። እጁ በላብ ርሷል። በሹክሹክታ ከክፉ የሚጠብቀውን የቁርኣን አንቀጽ፣ አያተል ኩርሲን እየቀራ ነው።

ቀና ስል መስታወቱን አየሁት። የኋላውን የሚያሳየውን... ወደ ጣሪያው አዙሮታል።

አባቴ ከቁሉቢ ጀምሮ ያውቅ ነበር።

በዚያችው በአርባ ሐረር ገባን።

ኤረር በር፣ ቤታችን ጋ፣ እማና ጎረቤቶች ዱዓ አደረጉ። ከዚያ እማ ላስቲኮቹን መግፈፍ ጀመረች። ሁሉም ደህና ነው... ከኔ ወንበር በቀር። ጀርባዬን ያስደገፍኩበት ጋ ተቀድዷል። የተቀደደው ጠርዝ ወደ ውጭ ተገልብጧል።

ሻሼን ከማጅራቴ በኩል ነካሁት። ርጥብ ነው።

ጎረቤት ፊት ማፈር አልወደድኩም። «እኔ እኮ ምንም አልፈራሁም» አልኩ።

አባቴ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«እንግዲያው ነገ ሥራ ስንጀምር የመጨረሻው ወንበር ያንቺ ነው።»