አንድ ባዶ መስመር

ኮረብታው በግራ መምጣት ሲገባው በቀኝ መጣ።

ድምቢጥ ዐይኗን አሸት አሸት አድርጋ ካርታዋን አየች። በካርታው ላይ የአንቴናው ኮረብታ በግራ ነው። በመስኮት ስታየው ግን፣ ጉድ በል፣ ያንን ቀይና ነጭ አንቴና ተሸክሞ በቀኝ በኩል ጉብ ብሏል። ኮረብታ መቼም ቤት አይቀይርም። መንገድ የሳተችው እሷ ናት ማለት ነው።

ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በበረራ ትምህርት ቤቱ «ድምቢጥ» የሚሏት ሁለት ትራስ ካልደራረበች በመስታወቱ አሻግራ ማየት ስለማትችል ነው። ብቻዋን ስትበር ሦስተኛዋ፣ ከሜዳው ርቃ ስትሄድ ግን የመጀመሪያዋ ነው። በቀኟ ያለው የመምህሯ ወንበር ባዶ ነው፤ ቀበቶው እንዳይወዛወዝ ተቆልፏል።

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አለች ወደ ወንበሩ ዞራ። ወንበር ምን ይመልሳል! በዚያ ሁሉ ሰማይ ላይ «አለሁልሽ» የሚላት አንድም ሰው አልነበረም።

ፊት ለፊቷ ያለው አቅጣጫ ጠቋሚ «ወደ ምሥራቅ እየሄድሽ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። ከመስታወቱ በላይ ያለችው ትንሿ ኮምፓስ ግን አውሮፕላኗ ሠላሳ ዲግሪ ወደ ሰሜን እንደዞረች ትናገራለች። የትኛውን ትመን? መምህሯ ሁሌም የሚሉት ትዝ አላት፦ «ኮምፓሷ ስትዞሪ ትዋዥቃለች። ቀጥ ብለሽ ስትበሪ ግን እሷን ስሚ።»

ክንፎቹን አስተካክላ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ኮምፓሷ እስክትረጋ ጠበቀች። ከዚያ ጠቋሚውን በቁልፉ አዙራ ከኮምፓሷ ጋር እኩል አደረገችው። «እሰይ!» አለች። ምን ያደርጋል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስታየው እንደገና ዐሥር ዲግሪ ሸሽቷል።

ተበላሽቷል። በቃ፣ መመለስ ነው።

የቸገራት ዐይኗ ነበር፤ በልማድ እየተመለሰ እዚያው ጠቋሚ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ካርታዋ ላይ ተለጥፋ የነበረችውን ቢጫ ወረቀት ነቅላ ጠቋሚው ላይ ለጠፈችበት። ወረቀቷን ጠዋት የሰጠቻት አብራት የምትማረው ሳቂታ ናት። «አይዞሽ የኔ ድምቢጥ! ምሳ አብረን ነን» ይላል። በትምህርት ቤቱ ግቢ ከድምቢጥ ጋር ምሳ የሚበላ፣ ስታዝን «ምን ሆንሽ?» የሚላት፣ ከሳቂታ በቀር ማንም የለም።

በሬዲዮ ለሜዳው መቆጣጠሪያ ማማ ተናገረች። «መንገድ ስቻለሁ። በኮምፓስ እየተመለስኩ ነው።»

«ተቀብለናል። ቀስ ብለሽ ነይ» አላት የማማዋ ሴት።

ለስላሳ መዞር በሴኮንድ ሦስት ዲግሪ ነው፤ አውሮፕላኗን መቶ ሰማንያ ዲግሪ አዙራ ለመመለስ ስልሳ ሴኮንድ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቆጠረች። ስልሳ ላይ ክንፎቹን አስተካከለች፤ ኮምፓሷም ተዋዥቃ ተዋዥቃ ረጋች። አንቴናው ከፊቷ ብቅ ሲል እንባዋ መጣ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሜዳው የሚወስደውን አስፋልት ተከትላ አረፈች።

ቢሮው ውስጥ የጠበቀቻት ሳቂታ ብቻ ናት። ዘላ አቀፈቻት።

«አቅጣጫ ጠቋሚው ነው አይደል?» አለቻት በሹክሹክታ።

ድምቢጥ ከእቅፏ ወጣች። «በምን አወቅሽ?»

የሳቂታ ፊት ዳመነ። «ትናንት እኔንም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር። ትንሽ ነው ብዬ ነዋ!»

«እያወቅሽ ነው ‹አይዞሽ› ብለሽ የላክሽኝ?»

«አቦ፣ አታካብጂ! ደህና መጥተሽ የለ? ስሚኝ፣ ነገ ፈተናዬ ነው። ከጻፍሽው አውሮፕላኗን ጥገና ያስገቧታል፣ ፈተናዬም ለወር ይተላለፋል። አንድ ቀን ብቻ ዝም በይልኝ። ጓደኛሽ አይደለሁም?»

«ከሰዓት አዲሱ ልጅ ብቻውን ሊበርባት ነው።»

«እሱም ያየዋላ» አለች ሳቂታ። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

ድምቢጥ የጉድለት መመዝገቢያውን ደብተር ከፈተች። መጨረሻ ላይ የተጻፈው የትናንቱ ነው፤ በሳቂታ ክብ ክብ የእጅ ጽሑፍ «ጉድለት የለም» ይላል። ከጠቋሚው ነቅላ ኪሷ የከተተቻትን ቢጫ ወረቀት ነካ አደረገች። አሁን ብትጽፍ ነገ ምሳ ሰዓት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። ከነገ ወዲያም እንዲሁ።

እስክሪብቶውን አነሳች። መምህሯ «መስመር እንዳትዘሉ!» እያሉ ጠዋት ማታ የሚጮሁበት ደብተር ነው። እሷ ግን ከሳቂታ ጽሑፍ ሥር አንድ መስመር ዘለለችና ቀጥሎ ባለው ላይ ጻፈች፦ «አቅጣጫ ጠቋሚው በአምስት ደቂቃ ዐሥር ዲግሪ ይስታል። አውሮፕላኗ መብረር የለባትም።» ስሟን ፈረመች።

ሳቂታ ባዶዋን መስመር ብቻ አፍጥጣ ታያለች።

ድምቢጥ እስክሪብቶውን ሳትከድን ደብተሩ መሐል አስቀመጠችው። «ይቺ መስመር ያንቺ ናት፤ የትናንቱን ጻፊበት። ምሳ አብረን ነን ብለሽ አልነበር?» አለቻት። «ውጭ ነኝ።»

ወጥታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሌላ ሰው የሚበቃ ቦታ ትታ። ምሳ ዕቃዋን ሳትከፍት የቢሮውን በር ታይ ጀመር።